መነኩሴው ሱጄር እንዴት የፈረንሳይ እንደራሴ ሆነ?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሉዊ 7ኛ ለሁለተኛው የመስቀል ጦርነት ሲዘምት አገሩን አደራ የሰጠው ፓሪስ አጠገብ ላለው የሳን ዴኒ ገዳም አበምኔት ለሱጄር ነው። ሰውየው የትልቅ ቤት ልጅ አይደለም። ያ ሁሉ መኳንንት እያለ እንዴት እሱ ተመረጠ?

የዘመን ጓደኛ፦ ሱጄርን በጣም ስለምወደው ትንሽ ላስረዝም። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1081 ገደማ ነው፤ ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ለገዳሙ ሰጡት። ኋላ ንጉሥ የሆነው የሉዊ 7ኛ አባት ሉዊ 6ኛም የተማረው እዚያው ሳን ዴኒ ነው።

ግን ትውውቅ ብቻውን እዚህ አያደርስም። ሱጄር ቱሪ የሚባለውን የገዳሙን ርስት እንዲያስተዳድር ሲላክ፣ የለ ፒዩዜው ባላባት ሁግ ገበሬውን እየዘረፈ መከራ ያበላው ነበር። ሱጄር ለንጉሡ አቤት አለ። ቱሪን መሸገ፣ ከንጉሡ ጦር ጎን ቆመ፣ የሁግ ምሽግ እስኪፈርስም አልተኛም። እኔ እንደሚመስለኝ ንጉሡ የሰውየውን አቅም ያየው እዚያ ነው። በ1122 አበምኔት ሆነ።

ጠባዩን ለማወቅ ግን የእንጨቱን ታሪክ ስሙ። ቤተ ክርስቲያኑን ሲያድስ ረጃጅም አግዳሚ እንጨት ጠፋ። የፓሪስ አናጢዎች በዚህ አካባቢ አይገኝም አሉት። አንድ ሌሊት ከጸሎት ተመልሶ ጋደም ብሎ ሲያስብ ቆየና፣ ሲነጋ ልኬቱን ይዞ፣ አናጢዎቹን አስከትሎ ወደ ኢቭሊን ጫካ ሄደ። የጫካው ጠባቂዎች ነገሩ ሊያስቃቸው ምንም አልቀረም። እሱ ግን እሾህና ቁጥቋጦ እየጣሰ ሳይመሽ የሚፈልጋቸውን 12 ግንዶች አገኘ። ይሄን ራሱ ጽፎ ትቶልናል። አገር የሚሰጠው እንዲህ ላለ ሰው ነው!

አንባቢው፦ ወርቅና ዕንቁ አብዝቷል ተብሎ ይታማ የለ እንዴ? የዘመኑ ስመ ጥር መነኩሴ የክሌርቮው በርናርድ ያን ገዳም ክፉኛ ወቅሶታል።

የዘመን ጓደኛ፦ ልክ ነህ፣ በርናርድ የገዳሙን ዓለማዊ ኑሮ አጥብቆ ተችቷል። ሱጄር ግን በ1127 ገደማ ሥርዓቱን አስተካከለ፣ በርናርድም አመሰገነው። በወርቁ ላይ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። እኔ ለሱጄር አደላለሁ፤ ወርቁን ያፈሰሰው ለመቅደሱ ነው፣ እሱ የሚያድረው በጠባብ ክፍል ነበር። በ1144 የተመረቀውን የመሠዊያ ክፍል፣ በባለቀለም መስኮቶቹ የሚገባውን ብርሃን ያየ ሰው ይፈርድለታል።

ሥልጣኑንም እንደዚሁ ነው የያዘው። ሱጄር ዘመቻውን አልደገፈም ነበር፤ ንጉሡ በ1147 ከሄደ በኋላ ግን ግብሩን ሰብስቦ ገንዘብ ላከለት፣ ቤተ መንግሥቶቹንም አሳደሰ። በ1149 የንጉሡ ወንድም ሮቤር ቀድሞ ተመለሰና ማሴር ጀመረ። ሱጄር መኳንንቱንና ጳጳሳቱን ሷሶን ከተማ ላይ ሰብስቦ ነገሩን አከሸፈ። ንጉሡንም ቶሎ ና እያለ በደብዳቤ ወተወተው። ንጉሡ ከንግሥት ኤሌኖር ጋር ስለመጋጨቱ ደግሞ፣ ቂም ካለህ እስክትመለስ በሆድህ ያዘው ብሎ መከረው።

ጠያቂ፦ ንጉሡ ሲመለስስ?

የዘመን ጓደኛ፦ ሥልጣኑን አስረከበ። ከዚያ በ70 ዓመቱ ገደማ ለኢየሩሳሌም የሚዘምት ጦር በገዳሙ ገንዘብ ማዘጋጀት ጀመረ። ጃንዋሪ 13 ቀን 1151 ሲሞት ገና አልተነሳም ነበር፤ በእሱ ፈንታ የሚዘምት ባላባት መርጦ ነው ያረፈው።