ማስታንግ ልገዛ ነው፤ ባለ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ይሻለኛል ወይስ ቪ8? (አዳማ)

የፍራንኮ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው የምኖረው። ለዓመታት ቪትዝ ስነዳ ቆይቼ አሁን አንዴ የልቤን ላድርስ ብያለሁ። ሁለት ፎርድ ማስታንግ አግኝቻለሁ። ሁለቱም የ2018 ሞዴል፣ ሁለቱም አውቶማቲክ ናቸው፤ ያሉት አዲስ አበባ ነው። አንዱ 2.3 ሊትር ኢኮቡስት ነው፣ ማለትም አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ቱርቦ ያለው ባለ አራት ሲሊንደር። ሌላው ጂቲ፣ 5.0 ሊትር ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው። ወረቀት ላይ የመጀመሪያው 310 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ሁለተኛው 460። የዋጋ ልዩነቱ ከባድ ነው፤ ጨክኜ ከገባሁበት ግን እችለዋለሁ።

ሰኞ ሰኞ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ሶደሬ ወይም ቢሾፍቱ። የቀረው ከተማ ውስጥ ከባጃጅ ጋር መጋፋት ነው። «ይልቅ ቤትህን ጨርስበት» ልትሉኝ ያሰባችሁ ካላችሁ ባለቤቴ ቀድማችኋለች። ሞተሩን ብቻ ምከሩኝ።

ጎማ በላ

ቪ8። ማስታንግ ገዝተህ ያን ድምፅ ካልሰማህ ምኑን ገዛኸው? ጨርሻለሁ።

ጋሽ መካኒክ

ድምፁ ዘይት አይገዛም ልጄ። እኔ አዳማ ጋራዥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ከኮፋኖ በታች ያለውን ልንገርህ።

የ2018ቱ ቪ8 አንድ ዘይት ቅያሪ 9.5 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ባለ አራት ሊትሩን ጋሎን ሁለት ገዝተህም አይበቃህም። ባለ 2.3ቱ 5.4 ሊትር ገደማ ነው። ካንዴላ ስትቀይር አንዱ ስምንት፣ ሌላው አራት ነው። የዘይቱ ውፍረትም ይለያያል፤ ቪ8ቱ 5ደብሊው-20 ነው የሚፈልገው፣ ቱርቦው 5ደብሊው-30። መኪናውን ከመግዛትህ በፊት ዘይቱን የምትገዛበትን ሱቅ ሄደህ ጠይቅ። «ይሄም ያው ነው» ብሎ ወፍራም ዘይት የሚሸጥልህ አይጠፋም። ያው አይደለም።

በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ምርቶች ላይ ቪ8ቱ ዘይት ይጠጣል፣ እንደ ታይፕራይተር ትክ ትክ ይላል የሚል ቅሬታ ከብዙ አገር ተሰምቷል። ሁሉም እንደዚያ ነው ማለት አይደለም። አንተ ግን ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) ሳታይ ገንዘብ እንዳታወጣ።

ቱርቦውም ንጹሕ አይደለም። ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚረጨው። ቤንዚኑ የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹን ስለማያጥባቸው ከጊዜ በኋላ ጥላሸት ይይዛሉ። የ2018ቱ ቪ8 ግን በሁለቱም መንገድ ስለሚረጭ ይህ ችግር እምብዛም አይታይበትም። ሌላው የአዳማ አቧራ ነው። በዚህ ንፋስ የአየር ፊልትሮ ላይ የሚሰስት ሰው ቱርቦ ባይገዛ ይሻለዋል።

ሙቀትና ግፊት

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መካኒካል ምህንድስና ነው የተማርኩት። ከፍታውን ማንም አላነሳውም።

310ም ሆነ 460 የተለካው ለባሕር ጠለል አየር ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ያልፋል፤ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ስለሆነ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስሌቱን ሥራው፦ 460ው አዳማ ላይ 385 አካባቢ ይሆናል። አዲስ አበባ ስትደርስ 350 አካባቢ።

ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ነው ለሞተሩ የሚያቀብለው፤ ስለዚህ የሚያጣው በጣም ትንሽ ነው። ምንም አያጣም ግን አልልህም። ያንኑ ግፊት ለማምጣት ተርባይኑ የበለጠ መሽከርከር አለበት፣ አየሩም ሲጨመቅ ይግላል። በአዳማ ቀትር ስትነዳው ይታወቅሃል። ቢሆንም ወረቀት ላይ የነበረው የ150 ፈረስ ልዩነት እዚህ ከ100 በታች ይወርዳል። ዋጋው ግን ከከፍታ ጋር አይቀንስም።

የፍራንኮ ልጅ

ይሄን አላሰብኩትም ነበር እህቴ፣ አመሰግናለሁ። እና ቱርቦው አሸነፈ ማለት ነው?

ሙቀትና ግፊት

ኧረ አላሸነፈም። ቪ8ቱ አሁንም ይበልጣል፤ የሚበልጥበት መጠን ነው ያነሰው። ነዳጁን ካየን ደግሞ ነገሩ ለቪ8 ያደላል።

ሁለቱም ቁጥሮች የተገኙት ከፍተኛ ኦክቴን ባለው ቤንዚን ነው። የእኛ ማደያ ሄደህ ቤንዚን ወይ ናፍጣ ነው የምትለው፤ ፕሪሚየም የሚባል ምርጫ የለም። ኦክቴኑ ዝቅ ሲል ነዳጁ ከሰዓቱ በፊት ይፈነዳል፣ ሞተሩ ያንኳኳል። ሴንሰሩ ይሰማና እሳቱን ያዘገየዋል፤ ሞተሩ ይተርፋል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ቀድሞውኑ ስለሚቀንስ ዝቅ ያለውን ቤንዚን ይችለዋል። ቱርቦው ግፊቱን መልሶ ስለሚያመጣው ያን ያህል አይታገሥም። ስለዚህ ከ310ሩም ላይ የተወሰነ ቀንስ። ሙሉ ጭነህ አቀበት ላይ ስትረግጠው ነው በተለይ የሚታወቅህ።

ኤሌክትሪክ ይሻላል

ለምን ኤሌክትሪክ አትገዛም? ቻርጅ አድርገህ ትተኛለህ፣ ሰልፍ የለም፣ ዘይት የለም።

የፍራንኮ ልጅ

ለቤቱ መኪና አስቤበታለሁ። ይሄኛው የአምሮት ነው፤ ተወኝ ወንድሜ።

ባለ ቱርቦው

እኔ ያው 2.3 ነው ያለኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምነዳው። የነዳጁን ነገር ሁሉም አጋኖ ያወራል። በአሜሪካ መለኪያ የ2018ቱ አውቶማቲክ ቱርቦ ከተማና ረጅም መንገድ ተደምሮ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 9.5 ሊትር ይበላል፣ ቪ8ቱ 12.5 ገደማ። ረጅም መንገድ ላይ ብቻ ከሆነ ልዩነቱ ወደ 2 ሊትር ይወርዳል። ለሰኞው ደርሶ መልስህ 4 ሊትር ማለት ነው። ማስታንግ የሚገዛ ሰው 4 ሊትር አያስለቅሰውም። የሚያስለቅሰው ሰልፉ ነው። ከባጃጆቹ ኋላ ተሰልፈህ ጠዋትህን ስታሳልፍ ቶሎ ቶሎ የማይጠማ መኪና ይሻልሃል።

ደግሞ ይሄ ሁሉ በረጋ እግር ሲነዳ ነው። ቪ8 ገዝቶ በረጋ እግር የሚነዳ ሰው አላየሁም።

ከተማ ውስጥ ጉልበት እጥረት አይሰማህም። ከታች ጀምሮ ይስባል፣ አስፋልቱ ላይ መብራት ሲለቀቅ ይበቃሃል። ድምፁ ግን… እሺ፣ ጎማ በላ ትክክል ነው። ከስፒከር የሚወጣ ሰው ሠራሽ ድምፅ ጨምረውበታል፤ ባይጨምሩት ይሻል ነበር።

ከፈጣን መንገድ ስትወጣ ወዲያው እንዳታጠፋው፣ ትንሽ ይተንፍስ። ቱርቦው ግሎ ይቆያል።

ጋሽ መካኒክ

ያ የድሮ ቱርቦ ምክር ነው። የዚህኛው ቱርቦ በውሃም ይቀዘቅዛል። ከክፍያ ጣቢያው እስከ ቤቱ ቀስ ብሎ ሲነዳ በቂ ነው። ቆሞ ማስጮኽ ቤንዚን ማቃጠል ነው።

አሻሻጭ ነኝ

እኔ የማየው ከመሸጫው በኩል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ማስታንግ ያው ያለው ነው። ስትሸጠው ቪ8ቱን የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ ግን የፈለገው ሰው አይከራከርም። ቱርቦውን ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ ብዙ ሰውም ዋጋ ይሰብራል። በቶሎ መሸጥ የሚያስፈልግህ ከሆነ ቱርቦው፣ ታግሠህ የምትይዘው ከሆነ ቪ8ቱ።

ሌላ ነገር። ጎኑ ላይ 5.0 የሚል ምልክት ተለጥፎበት ውስጡ 2.3 የሆነ መኪና በዓይኔ አይቻለሁ። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ አለው፣ ስምንተኛውን ተመልከት። ኤች ከሆነ 2.3 ቱርቦ ነው፣ ኤፍ ከሆነ 5.0። ሊብሬው ላይ ያለው ሲሲም (የሞተሩ መጠን) ከዚያው ጋር ይግጠም። በሻንሲ ቁጥሩ የአደጋ ታሪኩንም አስፈልግ። አሜሪካ ተጋጭቶ በጨረታ የተሸጠ፣ ዱባይ ተጠግኖ እዚህ የገባ መኪና ሞልቷል። የተመታ ቪ8 ከምትገዛ ያልተመታ ቱርቦ ግዛ፣ የተመታ ቱርቦ ከምትገዛ ያልተመታ ቪ8።

የሶደሬ መንገድ

ስለ ሞተር ብቻ ብለሃል፤ ግን የጎማውን ሳልልህ አልቀርም። ማስታንግ ዝቅ ያለ ነው። አዳማ ውስጥ ያለውን የፍጥነት መግቻ ታውቀዋለህ፤ ውስጥ ለውስጥ ያለውን ኮብልስቶንም። ተራው ኢኮቡስት 17 ኢንች ቸርኬ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ጂቲው 18 ወይም 19። የጎማው ግድግዳ ወፈር ያለው ጉድጓድ ይችላል። ጂቲው አፍንጫው ላይም ይከብዳል። ፈጣን መንገዱ ላይ ደግሞ ከ120 በላይ አይፈቀድም፤ 460ውን የት ልትጨርሰው ነው?

ጎማ በላ

መቀጣጠያ ላይ ነው የሚጨርሰው። ሲያስነሳው ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፣ አለቀ።

የፍራንኮ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ልቤ አሁንም ቪ8 ይላል። ነገር ግን ሳስበው እኔ የምፈልገው ሰኞ ሰኞ የምነዳው መኪና ነው፣ ቆሞ የሚታይ አይደለም። አሁን አሻሻጭ ባለው መሠረት የሁለቱንም ሻንሲ ቁጥር እንዲልኩልኝ ጠየቅኩ። ባለ 2.3ቱ ስምንተኛው ኤች ነው፣ ታሪኩም ንጹሕ ወጣ። የቪ8ቱ ባለቤት ቁጥሩን «በአካል ስትመጣ» አለኝ። እኔም አልሄድም።

ስለዚህ ሰኞ ቱርቦውን ላየው ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ለዕቃ መርካቶ የሚወጡበት ቀን ከሆነ አብረን ብንሄድ? ምሳ በእኔ።

ጋሽ መካኒክ

እወጣለሁ። ስካነሩንም እይዛለሁ። ለባለቤቱ አሁኑኑ ደውልና እስክንደርስ እንዳያስነሳው ንገረው፤ ሞተሩን ቀዝቃዛውን ነው ማየት የምፈልገው። ኮፋኖው ሞቆ ካገኘነው ምሳችንን በልተን እንመለሳለን።