«ከ16 ኪሎኦም በታች ለሰርግ አይሆንም» ስለተባለው

ጦሳ፦
ትናንት ማታ እዚህ የተጻፈው ነገር በጣም አናዶኛል። ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። ለሰፈራችን የወጣቶች ባንድ ሁለት ጊታሮች ሀምባከር፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ባለ ሁለት ኮይል (ጥቅል ሽቦ) ፒክአፕ፣ እንቀይር ብለን ደሴም ኮምቦልቻም ያለን ሰዎች አዋጣን። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው አለ፣ በሻንጣው ይይዛል። ምን ይግዛ ተብሎ ሲጠየቅ ቦርከና «ከ16 ኪሎኦም በታች የሆነ ፒክአፕ ለወሎ ሰርግ አይሆንም፣ ጉልበት የለውም» ብሎ ደመደመ። ልጆቹም አመኑት። አሁን ለሁለቱም ጊታር፣ ብሪጁም (ክሩ የሚታሰርበት ጫፍ) ኔኩም (አንገቱ በኩል) ላይ፣ ጄቢ የሚባለውን የሲሞር ደንከን ኩባንያ ፒክአፕ አራት ሊያስመጡ ነው። አንዱ መቶ ዶላር ገደማ ነው። የሰው ገንዘብ እኮ ነው! ኪሎኦም የሽቦ ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው መከላከያ) መለኪያ ነው። ሽቦው ሲቀጥን ቁጥሩ ይወጣል። ጉልበት ከመቼ ወዲህ ነው በቴስተር የሚለካው?

ቦርከና፦
የጻፍኩትን ሙሉውን አምጣው እንጂ ወንድሜ። ሰርግ ላይ ኪቦርድ አለ፣ ድራም አለ፣ ሳክስፎን አለ፣ አምስት መቶ ሰው ያጨበጭባል። ጊታሪስቱ ይጫወታል፣ ማንም አይሰማውም። እኔ ከዳስ ዳስ ስዞር ያየሁት ይሄንን ነው። ጄቢ ካስገባሁ ወዲህ ግን ሰው ይሰማኛል። ጄቢ 16.4 ገደማ ነው፣ ፊት ለፊት የሚወጣ ሚድ (መካከለኛ ድምፅ) አለው። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ጦሳ፦
ያየኸውን አልካድኩም። «ከ16 በታች አይሆንም» ያልከውን ነው የያዝኩት። የዲማርዚዮ ሱፐር ዲስቶርሽን ከ14 በታች ነው የሚያነበው። በፈረንጆቹ ከ1972 ጀምሮ የሚሸጥ፣ ሴራሚክ ማግኔት ያለው፣ ኃይለኛ ለሚሉ ሁሉ የተሠራ ፒክአፕ ነው። በአንተ ቁጥር ሲታይ እሱም ለሰርግ አይሆንም ማለት ነው?

ቦርከና፦
እሱ ሴራሚክ ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጦሳ፦
እሱን ነው የምልህ! ማግኔቱ ሌላ ጉዳይ ከሆነ፣ የሽቦው ውፍረት ሌላ ጉዳይ ከሆነ፣ የዙሩ ብዛት ሌላ ጉዳይ ከሆነ፣ 16 የሚለው ቁጥር ብቻውን ምን ነገረህ? ጄቢ የተጠመጠመበት ሽቦ 44 ቁጥር ነው። የድሮዎቹ የጊብሰን ሀምባከሮች በ42 ቁጥር ተጠምጥመው ከ7 እስከ 9 ኪሎኦም ነበሩ። በሽቦ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። የአንድ ቀጭን ሽቦና የአንድ ወፍራም ሽቦ ሬዚስታንስ ይዘህ ጉልበት አታወዳድርም።

የባቲ ልጅ፦
እኔ አንድ ነገር ልጨምር። መዳብ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ በአንድ ዲግሪ 0.39 በመቶ ገደማ። ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ 8 ኪሎኦም ያነበበው ፒክአፕ፣ የእኛ ባቲ ከሰዓት ላይ 20 ዲግሪ ሞቆት ሲለካ 8.6 ይላል። ጉልበቱ ግን አልጨመረም። ያው ፒክአፕ ነው። በዚህ ቁጥር ተማምነህ የሰው መዋጮ አታውልም።

ቦርከና፦
ኧረ በአላህ! በሙቀት 16 ወደ 8 አይወርድም። ነገሩን አታጣሙት።

ሐይቅ ዳር፦
ሁላችሁም ዋናውን ዘለላችሁት። ልጆቹ የሚጫወቱት ምንድን ነው? አምባሰል፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ፣ ትዝታ። እኔ ጊታር የማስተምረው እነዚህን ነው። አምባሰል ላይ የመጀመሪያውና ሁለተኛው ድምፅ መካከል ግማሽ ድምፅ ነው ያለው፣ አራተኛውና አምስተኛውም እንደዚያው። አንቺሆዬም ሁለት ቦታ እንደዚህ ይጠባል። ፒክአፑ ኃይለኛ ሆኖ አምፑን ሲገፋው፣ የፊተኛው ክር ገና ሳይሞት ጎረቤቱን ስትመታው ሁለቱ ተፋጭተው ይጮሃሉ። ድምፁ አምባሰል መሆኑ ይቀራል። የትዝታ ሜጀር ግማሽ ድምፅ ስለሌለው ይችለዋል። አምባሰል አይችለውም። ደግሞ ዜማው ያለው ጣት ክሩ ላይ ሲያርፍና ሲለቅ ነው፤ ቀስ ብለህ የነካኸውና ጠንክረህ የመታኸው እኩል ከወጡ እዚያ ውስጥ ምን ቀረ? ኔኩ ላይ ማግኔቱ አልኒኮ 2 ወይም 5፣ ከ7 እስከ 8 ኪሎኦም የሆነ ነገር ይግባ። የደንከኑ 59 የሚባለው ፒክአፕ ለዚህ በቂ ነው።

ቦርከና፦
እህቴ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሰርግ ላይ ዲስቶርሽን (ድምፅ ማሻከር) ማን ይጠቀማል? ክሊን ነው የምንጫወተው። ኃይለኛ ፒክአፕ ማለት ዲስቶርሽን ማለት አይደለም። ቮሊየሙን ወደ 6 ታወርደዋለህ፣ ሶሎ ሲመጣ ወደ 10 ትወጣለህ። አለቀ።

ሐይቅ ዳር፦
ቮሊየም ስታወርድ ቀጭኑ ድምፅ አብሮ ይሄዳል። የምታወርደው ጉልበቱን ብቻ አይደለም።

ወልድያ፦
ይቅርታ ግን ለአምባሰል መሲንቆ እያለ በጊታር ፒክአፕ መጨቃጨቅ ምንድን ነው? የወሎ ልጅ መሲንቆ ይዞ ነው ያደገው።

ሐይቅ ዳር፦
መሲንቆን ማን ነካው? መሲንቆ አንድ ክር ነው፣ ጣቱ ክሩን እንጨት ላይ ሳይጫነው የሚያወጣውን ድምፅ ጊታር ላይ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው ብረት) ይከለክልሃል። ስለዚህ ነው የምጠነቀቀው። የቀረንን ልስላሴ ደግሞ በፒክአፕ እንድናጣው አልፈልግም።

ወልድያ፦
ክራርም አለ።

የባቲ ልጅ፦
ክራሩም እኮ መድረክ ላይ ፒክአፕ ተገጥሞለት ነው የሚጫወተው ወልድያ። እንግዲህ ክርክሩ እዚያም ይከተልሃል።

ወልድያ፦
ባህሉን ስለመጠበቅ ነው ያወራሁት። ለፈረንጅ ማግኔት መቶ ዶላር ከምታወጡ ለልጆቹ ሁለት ጥሩ መሲንቆ አሠሩላቸው።

ጦሳ፦
መዋጮው ለጊታር ነው የተባለው፣ አቦ። የመሲንቆውን መዋጮ አንተ ክፈት፣ እኔ የመጀመሪያው ነኝ። ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በኢቤክስና በሮሃ ባንድ በጊታር የሠራውን የባህል ጠላት ነው ልትለው ነው?

ወልድያ፦
እሱን አልነካሁም።

ሸዋ በር፦
ልጆች፣ እኔ ጊታርና አምፕ ስጠግን ነው የኖርኩት። ጥያቄ አለኝ። ቦርከና፣ ሰርግ ላይ ጊታርህን የምትሰካው የት ነው?

ቦርከና፦
ጋሼ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚክሰር ላይ ነው። የጊታር አምፕ የሚያመጣ የለም።

ሸዋ በር፦
በቀጥታ?

ቦርከና፦
አንዳንዴ በፔዳል፣ አንዳንዴ በቀጥታ።

ሸዋ በር፦
እንግዲህ ስማኝ። የጊታር አምፕ መግቢያ 1 ሜጋኦም ገደማ ነው። ፒክአፑ ሳይደክም ይሠራል። የሚክሰር ላይን መግቢያ ግን ብዙ ጊዜ 10 ኪሎኦም ነው። 16 ኪሎኦም ፒክአፕ 10 ኪሎኦም መግቢያ ላይ ስትሰካ፣ ገና በሬዚስታንሱ ብቻ ከሲግናሉ 60 በመቶ በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። 8 ኪሎኦም የሆነው ደግሞ 45 በመቶ ገደማ ነው የሚያጣው። ቀጭኑ ድምፅ ላይ ሲመጣ ከዚህም ይብሳል፣ ምክንያቱም ብዙ ዙር የተጠመጠመ ፒክአፕ ኢንዳክታንሱ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያግደው) ትልቅ ነው። አንተ ጉልበት ብለህ የገዛኸውን ሚክሰሩ ይበላዋል። ለልጆቹ መጀመሪያ ዳይሬክት ቦክስ (ጊታሩን ከሚክሰሩ ጋር የሚያስማማ ሳጥን) ግዙላቸው፣ ወይም ሁልጊዜ የሚበራ በፈር (ሲግናሉ እንዳይደክም የሚያደርግ ሰርኪት) ያለው ፔዳል። የጊታር ምልክት ያለበት መግቢያ የተሠራለት ሚክሰርም አለ፣ እሱንም ፈልጉት።

ጦሳ፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት። ጉልበት ሲባል የነበረው ይኸው ነው!

ቦርከና፦
አንዴ ቆይ። ጋሼ ያሉትን እቀበላለሁ፣ ግን እሳቸው ስለ ገመድና ስለ መግቢያ ነው የተናገሩት። ፔዳል ካለ ነገሩ ተስተካከለ ማለት ነው። ፔዳል ውስጥ የገቡ ጄቢና 59 እኩል ናቸው? አይደሉም። ጄቢ ይበልጣል። «ጉልበት የለውም» ያልኩት አሁንም ቦታው ላይ ነው።

ጦሳ፦
ፔዳል ካለ ጉልበቱን ፔዳሉ ይሰጥሃል። ሚክሰሩ ላይ ጌይን (ሲግናል ማጉያ) አለ። አምፕሊፋየሩ የሚሠራው ሥራ ምን ሆነና? ፒክአፑ የሚሰጥህ የክሩን ድምፅ ነው። ጉልበቱን ከሌላ ቦታ ታገኛለህ፣ የጠፋ ልስላሴ ግን ከየትም አታመጣም።

ቦርከና፦
ሳውንድ ማኑ ጌይን ሲጨምርልህ አይተህ ታውቃለህ? የዘፋኙን ማይክ ይዞ ነው የሚያድረው። በወረቀት የሚሠራና ዳስ ውስጥ የሚሠራ ይለያያል። በራሴ ጊታር የሚወጣ ነገር ላይ ነው የምተማመነው።

የባቲ ልጅ፦
ይሄኛው እውነት አለው። ሳውንድ ማን ጊታሪስት የሚባል ሰው መኖሩን አያውቅም።

ሐይቅ ዳር፦
ስለዚህ ለሳውንድ ማን ስንል አምባሰልን እናበላሽ?

ቦርከና፦
ማን አበላሸ? እኔ አምባሰልን በጄቢ ስጫወት እናቶች እልል ይላሉ። የአንቺ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ይጫወታሉ፣ እኔ ሕዝብ ፊት።

ሐይቅ ዳር፦
ተማሪዎቼን ተው። ሕዝብ ፊት የሚጫወቱም አሉ፣ በየሰርጉ ታገኛቸዋለህ።

ሸዋ በር፦
ሰው ላይ አትሂዱ። ልቀጥል። ጄነሬተር፣ ዲመር ያለው መብራት፣ ረዥም ፍሎረሰንት ባለበት ዳስ ውስጥ ሀምባከር መሆኑ ራሱ ግማሽ መፍትሔ ነው። ሁለቱ ኮይሎች በተቃራኒ ተጠምጥመው ማግኔታቸውም ተቃራኒ ስለሆነ፣ ከመብራቱ የሚለቅሙት የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ እርስ በርሱ ይሰረዛል፣ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሴዝ ላቨር ጊብሰን ቤት ሆኖ በፈረንጆቹ 1955 ለፓተንት ያመለከተበት ነገር ይሄው ነው። በፈረንጆቹ 1959 ነው የጸደቀለት። በዚያ ዘመን ከፒክአፑ ጀርባ «ፓተንት ተጠይቋል» የሚል ወረቀት ይለጠፍ ነበር፣ ዛሬ በእንግሊዝኛው ምህፃር ፓፍ እያላችሁ የምትጠሯቸው እነሱ ናቸው። ግን ተጠንቀቁ። ሀምባከር የግራውንድ ችግር አይፈውስም። ክሩን ይዘህ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ የሚቆነጥጥህ ከሆነ ፒክአፕ ብትቀይር አይለቅህም። እሱ የኤሌክትሪክ ጣጣ ነው፣ ሰው ይገድላል። ጄነሬተሩን አስፈትሹ።

የባቲ ልጅ፦
ኢኤምጂ 81 ቢገዛስ? አክቲቭ (በባትሪ የሚሠራ) ነው፣ ሚክሰር ላይም አይደክምም ይባላል።

ሸዋ በር፦
ሚክሰሩን በተመለከተ ልክ ነህ፣ ውስጡ ፕሪአምፕ ስላለው ከፓሲቭ በጣም ይሻላል። ግን 9 ቮልት ባትሪ ይፈልጋል፣ ፖቶቹም (የቮሊየምና የቶን መቆጣጠሪያዎቹ) 25 ኪሎኦም ሆነው መቀየር አለባቸው። ጃኩ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል። ሰርግ መሃል ባትሪ ሲያልቅ ደግሞ ጊታሩ ፀጥ ይላል።

ሐይቅ ዳር፦
ለሜታል የታወቀ ፒክአፕ ነው እኮ። ኧረ ተዉ።

ቦርከና፦
አየሽ፣ ስሙን ሰምተሽ ነው የፈረድሽው። እኔን ግን ቁጥር ይዞ ፈረደ ትሉኛላችሁ።

ሐይቅ ዳር፦
ሰምቼዋለሁ። በጆሮዬ።

ሸዋ በር፦
ለሚገጥመው ልጅ ሦስት ነገር ልበልና እወጣለሁ። ርካሽ ጊታር ውስጥ ሀምባከር ሆኖ ሳለ ባለ 250 ኪሎኦም ፖት የተገጠመበት ብዙ አይቻለሁ። ለሀምባከር 500 ነው የሚሻለው፣ ድምፁ ይከፈታል፣ ዋጋውም ከፒክአፕ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛ፣ ደንከንና ዲማርዚዮ ከቀላቀላችሁ የሽቦ ቀለማቸው አንድ አይደለም። ደንከን ላይ ጥቁሩ ነው ወደ ስዊች የሚሄደው፣ ቀይና ነጩ አንድ ላይ ይበየዳሉ። ዲማርዚዮ ላይ ቀዩ ነው ወደ ስዊች የሚሄደው፣ ጥቁርና ነጩ አንድ ላይ። አንዱን በሌላው ስዕል ከበየዳችሁ፣ ሁለቱ ኮይሎች በትክክል ስለማይገናኙ ድምፁ ቀጭን ይሆናል። ሦስተኛ፣ ባለ ትሬሞሎ (ክሩን የሚያላላና የሚያጠብቅ እጀታ) ጊታር ከሆነ የክሮቹ ስፋት ይለካ። የጊብሰን ዓይነቱ ጠበብ ይላል፣ የፌንደር ዓይነቱ 52 ሚሊ ገደማ ነው፣ ለብሪጅ ሰፊውን ማዘዝ ይሻላል።

የባንዱ ልጅ፦
ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ጊታሮቻችን ሁለቱም ባለ ትሬሞሎ ናቸው። ሰውዬው ቅዳሜ ይገዛል፣ እሑድ ይበራል። ታዲያ ምን እንበለው?

ጦሳ፦
አንዱ ጊታር ላይ ብሪጁ ጄቢ፣ ኔኩ 59። ይህ ጥንድ ለረዥም ዘመን አብሮ የተሸጠ ነው። ሌላውን ጊታር ለጊዜው አትንኩት። በቀረው ብር ዳይሬክት ቦክስና 500 ፖቶች ግዙ። የፒክአፑንም ከፍታ በብሎኑ አስተካክሉ፣ ከመጨረሻው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭናችሁ ሁለት ሚሊ ገደማ ተዉለት። አንዳንዴ ችግሩ ያ ብቻ ነው።

ቦርከና፦
ብሪጁ ላይ ጄቢ ካልክ ትናንት ያልኩትን ተቀበልክ ማለት ነው።

ጦሳ፦
አልተቀበልኩም! «ከ16 በታች ለሰርግ አይሆንም» ነው ያልከው። 59 ከ16 በታች ነው። ይሆናል ወይስ አይሆንም? ይሄን መልስልኝ።

ቦርከና፦
ኔክ ላይ ለትዝታ ይሆናል። ሰርጉን የሚያሞቀው ግን ብሪጁ ነው።

ጦሳ፦
መልስ አይደለም።

የባቲ ልጅ፦
በእኔ በኩል ለሁለቱም ጊታር ዳይሬክት ቦክስ ይቅደም። ፒክአፑ ለሚቀጥለው መንገደኛ ይቆይ።

ቦርከና፦
ለፒክአፕ ነው ያዋጣሁት፣ ለሳጥን አይደለም። አራቱም ጄቢ ይሁኑ፣ ድምፄ ይኸው ነው።

ሐይቅ ዳር፦
ኔኩ ላይ ጄቢ ከገባ የእኔን መዋጮ መልሱልኝ።