አውሮፕላን ደመና ውስጥ ሆኖ ተራራ መቅረቡን በምን ያውቃል?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ወገን። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ስበር ደመናው ጥቅጥቅ ብሎ ከመስኮቱ ውጪ ነጭ ነገር ብቻ ነበር የሚታየው። ገለጥ ሲል ጋራው ጎናችን ላይ ቆሟል። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ «አይዞህ፣ አፍንጫው ላይ ራዳር አለው፣ ተራራውን እያየ ነው የሚሄደው፣ ፓይለቱ ቢተኛ እንኳ ራሱ ቀና ይላል» አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞ ቪዲዮ ላይ «ፑል አፕ! ፑል አፕ!» (ወደ ላይ ሳብ!) እያለ የሚጮህ ድምፅ ሰምቻለሁ። ምን አይቶ ነው የሚጮኸው? ኮምቦልቻ ዙሪያዋን ጋራ አይደለች እንዴ፣ ታዲያ ባረፈ ቁጥር ለምን አይጮህም?

ጠጋኙ፦
አፍንጫው ላይ ራዳር መኖሩስ ልክ ነው። ግን እሱ በዋናነት ዝናብና ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ለማየት ነው። ተራራ የሚያስጠነቅቀው ሌላ መሣሪያ ነው፣ ጂፒደብሊውኤስ ይባላል፣ መሬት መቅረቡን የሚያስጠነቅቅ ማለት ነው።

ዶን ቤትማን የሚባል ካናዳዊ መሐንዲስ ነው በ1960ዎቹ መጨረሻ የሠራው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያኔ ምንም ብልሽት የሌለው አውሮፕላን በጨለማ ወይም በደመና ሄዶ ከተራራ ጋር የሚላተምበት አደጋ በጣም ብዙ ነበር። በ1974 መጨረሻ ዋሽንግተን አቅራቢያ አንድ ቦይንግ 727 እንዲሁ ተላትሞ 92 ሰው ሲያልቅ አሜሪካኖቹ ለትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ግዴታ አደረጉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ሆድ ስር ሬዲዮ አልቲሜትር አለ። ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፣ ነጥሮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል፣ ከዚያ ከመሬቱ ምን ያህል እንደራቀ ያወጣል። ከ2,500 ጫማ፣ ማለትም ከ760 ሜትር ገደማ በታች ነው የሚሠራው። በአየር ግፊት ከሚሠራው ከፍታ መለኪያ ጋር እንዳታምታታው፤ ያኛው የሚናገረው ከባሕር ወለል በላይ ስላለው ከፍታ ስለሆነ ኮምቦልቻ አስፋልቱ ላይ ቆመህ እንኳ 6,000 ጫማ አልፎ ሊያሳይህ ይችላል። ሬዲዮው ግን ዜሮ ይላል።

ኮምፒውተሩ ይህን ይዞ ሌላውን ይመረምራል። ቁልቁል የምንወርድበት ፍጥነት በዝቷል? «ሲንክ ሬት» ይላል። መሬቱ ወደኛ እየመጣ ነው? «ቴሬይን፣ ቴሬይን»። ከተነሳን በኋላ መልሰን እየወረድን ነው? «ዶንት ሲንክ»። ዝቅ ብለን ጎማው አልወረደም? «ቱ ሎው፣ ጊር»። ነገሩ ሲብስ ነው ያ የሰማኸው «ፑል አፕ» የሚመጣው።

ችግሩ ግን ይህ መሣሪያ የሚያውቀው ከሆዱ ስር ያለውን ብቻ ነው። በጨለማ ባትሪውን እግሩ ስር ብቻ እያበራ እንደሚሄድ ሰው በለው፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ግድግዳ አያየውም። መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ ካለ ደህና፣ በጊዜ ይነግርሃል። እንደ ደሴው ጦሳ ተራራ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ግን መሬቱ መቅረቡን ሲያውቅ አንተም እዚያው ደርሰሃል። በ1979 አንታርክቲካ ኤረበስ ተራራ ላይ የኒውዚላንድ አውሮፕላን ሲላተም መሣሪያው የጮኸው 6 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ነበር። 257 ሰው አለቀ።

ወረኢሉ፦
የጠጋኙን ልቀጥልለት። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሻሻለው ዓይነት፣ ኢጂፒደብሊውኤስ መጣ። ይኼኛው በሬዲዮው ላይ የዓለምን የመሬት አቀማመጥ ካርታ ጨመረበት፣ ጂፒኤስ «እዚህ ጋ ነህ» ይለዋል፣ ካርታው ደግሞ ፊትህ ምን እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ ተራራውን «አያየውም»፣ በቃሉ ያጠናው ነው! መላተሙ 60 ሰከንድ ገደማ ሲቀረው ያስጠነቅቃል፣ ወደ 30 ሲወርድ «ፑል አፕ»። እኔን የገረመኝ የካርታው ምንጭ ነው፦ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የጦር ሠራዊቷ ካርታዎች ገበያ ወጡና እነ ቤትማን ገዝተው የዓለምን ክፍተት ሞሉበት።

በ1995 ኮሎምቢያ ካሊ ከተማ አጠገብ የደረሰውን የአውሮፕላን አደጋ አንብበው። የድሮው መሣሪያ የጮኸው 12 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ነው። ፓይለቶቹ ወዲያው አፍንጫውን አነሱ፣ ሞተሩን ጨመሩ፣ ግን ክንፉ ላይ ያለው የአየር ፍሬን ተዘርግቶ ቀረ። 159 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው አየር መንገዶች አዲሱን ለማስገባት የተጣደፉት።

የሐረጎ ሾፌር፦
እኔ ሐረጎን በጉም ስወጣና ስወርድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ስለ አውሮፕላን አላውቅም። ግን ልጆች፣ ካርታ ከሆነ ካርታው ቢሳሳትስ? ደግሞ እያወቀ ለምን ራሱ አይጎትትም፣ ምን ይጮሃል?

ጠጋኙ፦
ጋሼ ጥሩ ጠየቁ። ከሁለተኛው ልጀምር። የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ መሣሪያው በአብዛኛው ያስጠነቅቃል እንጂ መሪውን አይቀማም። አሜሪካኖቹ ኤፍ 16 ተዋጊ ጄት ላይ ከ2014 ጀምሮ ራሱ የሚጎትት አስገብተዋል፣ አብራሪው በስበት ብዛት ራሱን ሊስት ይችላላ። መንገደኛ ላይ ግን ፓይለቱ ነው የሚጎትተው፣ ሰውዬው «ቢተኛ እንኳ» ያለው እንዲያው ወሬ ነው።

ካርታውም ሊያሳስት ይችላል፣ ጂፒኤሱማ ይብሳል። ጦርነት ባለባቸው አካባቢዎች ጂፒኤስ ሆን ተብሎ ይታወካል፤ አውሮፕላኑ ራሱን ሌላ ቦታ ያለ አድርጎ ይቆጥርና ሰማይ ጥግ ላይ «ፑል አፕ» ይጮሃል። ይህ በጣም የሚያናድደኝ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሰውን መሣሪያውን እንዲንቅ ያስለምዳል። በ2012 ኢንዶኔዥያ ሳላክ ተራራ ላይ የሩሲያ ሱኮይ የመንገደኛ አውሮፕላን ለማሳያ በረራ ወጥቶ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ካፒቴኑ የካርታ ችግር መሰለውና አጠፋው። 45 ሰው ሞተ። በደመና ወይም በጨለማ ከሆነ «ፑል አፕ» ሲባል ክርክር የለም፦ ክንፍ ማስተካከል፣ ሞተር እስከ ጥግ፣ አፍንጫ ወደ ላይ። ምክንያቱ በኋላ ይጣራል።

የቦርከና ልጅ፦
ገባኝ፣ ተባረኩ። ግን ኮምቦልቻ ላይ ለምን እንደማይጮህ አልነገራችሁኝም ኮ 😄

ወረኢሉ፦
ካርታው ውስጥ ማኮብኮቢያዎቹም ስላሉበት ነዋ። ወደ ሜዳው በቀረብክ ቁጥር የሚጠብቀው ከፍታ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ጎማና ፍላፕ (የክንፉ ተዘርጊ ክፍል) ከወረደ ደግሞ ልታርፍ እንደሆነ ይገባዋል። የጎን ጋራ ብቻውን አያስጮኸውም፤ አሁን በያዝከው አቅጣጫና ከፍታ ብትቀጥል ትላተማለህ ወይ ነው ጥያቄው። ላሊበላም እንደዚሁ ነው፣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ሆኖ እየታየህ ማረፊያው ታች ሜዳው ላይ ነው፣ በትክክለኛው መስመር ከገባህ ዝም ይላል። መስመር ከሳትክ ግን ፓይለቱ ስክሪን ላይ ተራራው መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ ሆኖ ይመጣል። አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ ድምፁን ላትሰማው ትችላለህ፣ አፍንጫው ድንገት ሲነሳና ሞተሩ ሲያገሳ ግን ታውቀዋለህ።