ጥቆማ፦ የፍሬን መብራት እምቢ ሲል ምን ልይ፣ ማን ጋ ልሂድ፣ ምን ልግዛ? (ደብረ ማርቆስና አካባቢው)

ከማርቆስ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ታውቁታላችሁ። ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ከኋላ ጭነት የያዘ አይሱዙ ወይም ሲኖትራክ አይጠፋም። ያ ሹፌር ፍሬን መያዛችሁን የሚያውቀው በቀዩ መብራት ነው። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድማ መኪናው ራሱ አይታይም፣ የሚታየው መብራቱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው «የፍሬን መብራት የሚሠራ ሰው ጠቁሙኝ» ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው።

በራሴ የደረሰውን ላስቀድም። አውቶማቲክ ቪትዝ አለኝ። ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ቁልፉን ባዞረው ባትሪው ሙት ነው። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ «ወንድምዓለም፣ የኋላው ቀይ መብራት እኮ ሲበራ ነው ያደረው» አለኝ። በኬብል ከእሱ መኪና አስነስተን ጋራዥ ወሰድኩት። እዚያ ያየልኝ ሰው አንድም ነገር ሳይፈታ «ሁለቱም ስቶፕ ይቀየር፣ ሽቦውም ይታይ» (ስቶፕ የሚባለው የኋላ መብራቱ ከነመስታወቱ ነው) ብሎ ትልቅ ዋጋ ጠራልኝ። ላስብበት ብዬ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ የሾፌሩን ምንጣፍ ሳነሳ የደረቀ ፕላስቲክ ፍርፋሪ አገኘሁ፣ በጣት ሲነካ እንደ ቆሎ ገለፈት የሚደቅ። ስልኬን አብርቼ ከፔዳሉ በላይ አየሁ። ለካ ፔዳሉ ሲረገጥ መብራቱን የሚያበራውን የፍሬን ስዊች ጫፍ፣ ፔዳሉ ሳይረገጥ ገፍታ የምትይዘው ከጥፍር የማትበልጥ ፕላስቲክ ተሰባብራ ወድቃለች። የስዊቹ ጫፍ በባዶው ቀዳዳ ሾልኮ ስለወጣ መብራቱ እግሬ ፔዳል ላይ ያለ መስሎት ሌሊቱን ሲበራ አደረ። በቀዳዳው ትንሽ ቡሎን በዳዶ አጥብቄ ለጊዜው ተገላገልኩ፣ ኋላ ትክክለኛዋን ፕላስቲክ አስገዛሁ። ስቶፑ ምንም አልነበረበትም።

ስለዚህ ማንም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡት። ረዳት ከሌለ ዱላ በወንበሩና በፔዳሉ መሐል ወጥራችሁ ዞራችሁ እዩ። አንዱ ብቻ ካልበራ አምፖሉ ወይም ሶኬቱ ነው። ሦስቱም (የግራው፣ የቀኙና የመሐሉ) ከጠፉ አምፖል አትግዙ፤ ሦስት አምፖል ባንድ ቀን አይቃጠልም፣ ፊውዙን ወይም ስዊቹን ፈትሹ። አውቶማቲክ መኪና ከሆነና ማርሹ ከፒ (ከማቆሚያው) አልወጣም ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ እነዚሁ ሁለቱ ያጋድላል፣ ብዙዎቹ ማርሹን የሚለቁት ከፍሬን ስዊቹ ምልክት ሲደርሳቸው ነውና። ፍሬን ስትይዙ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ ከቦዲው ጋር የታሰረው ኔጋቲቭ ሽቦ ዝጓል ወይም ላልቷል። ፈታችሁ በብርጭቆ ወረቀት አሹትና መልሳችሁ አጥብቁት።

ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው ቁጥር ተኩ፣ 10 ከሆነ በቀዩ፣ 15 ከሆነ በሰማያዊው። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው የሚያስገቡ አይቻለሁ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፣ ፊውዙ እንዳይቃጠል ስትከለክሉት የሚቃጠለው ሽቦው ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ቦዲ እየነካ ነው። የፖርቶ ባጋሊዮው (የኋላ ዕቃ መጫኛው) ክዳን ማጠፊያ አካባቢ ያለውን መጀመሪያ እዩ፣ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ የሚበጣጠሰው እዚያ ነው።

አምፖል ላይ የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ተራውን ባለ ክር፣ ግን ደህናውን። 21/5 የሚል የተጻፈበት ሁለት ክር አለው፣ የ21 ዋቱ ለፍሬን፣ የ5ቱ ለማታ መብራት። እንደ ዲኤክስ ባሉት አሮጌ ኮሮላዎች ላይ የሚገባው ተጭኖ የሚዞር ሲሆን ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ጉጦች ከፍታቸው አይተካከልም። በግድ ገልብጣችሁ ካስገባችሁት ሁለቱ ክሮች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ፍሬኑም ደብዛዛ ይሆናል። አዳዲሶቹ ላይ ብዙ ጊዜ ተስቦ የሚወጣው ጠፍጣፋ እግር ነው። የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። ኤልኢዲ የሚሻል ይመስላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ርካሾቹ ግን በማታ መብራቱና በፍሬኑ መካከል ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ የኋላው ሰው ያዘ አልያዘ አይለይም። ኤልኢዲ ይሁን ካላችሁም ቀዩን ግዙ፣ ነጩ በቀይ መስታወት ውስጥ ሲገባ ወደ ሮዝ ይሄዳል። አይሱዙ ያላችሁ ደግሞ ብዙዎቹ 24 ቮልት ስለሆኑ የ12ቱ ወዲያው ይቃጠላል። ዋጋ አልጽፍም፣ ነገ ይለወጣል።

ሠሪ በተመለከተ፣ ለአምፖልና ለፊውዝ መለዋወጫ ሱቅ በር ላይ የሚገጥሙት ልጆች ይበቃሉ። ሽቦ ከሆነ ትልቁን ጋራዥ ትቼ የመኪና ኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ሰው ጋ ነው የምሄደው። የምለየውም እንዲህ ነው፦ ጥሩው መጀመሪያ የሚያነሳው ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው፣ ወይም ሁለት ሽቦ የታሰረባትን አምፖል። አንዱን ጫፍ ቦዲ ላይ ይይዛል፣ በሌላው ሶኬቱን ይነካል፣ ከበራ «እስከዚህ ደርሷል» ይላችኋል። ምንም ሳይለካ «ይቀየር» የሚለውን «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብላችሁ ውጡ። ሽቦ ሲቀጥልም እዩት። ጠምዝዞ ፕላስተር ብቻ ከጠቀለለ ክረምት ሲመጣ ይዝጋል፣ በሶልደር አያይዞ የሚሸፍነው ግን ይቆያል።

ሙሉ ስቶፕ ተሰብሮ ከሆነ ከመርካቶ ሱማሌ ተራ ያገለገለ የሚያስመጡ ሰዎች አሉ። ከአዲሱ ርካሽ ኮፒ ያገለገለውን ኦሪጅናል እመርጣለሁ፣ ግን ጥግና ጥጉ ላይ ስንጥቅ እንደሌለው በብርሃን እዩ፣ ውኃ ገብቶ ሶኬቱን የሚበላው በዚያ ነው።

እኔ የማውቀው ማርቆስንና ደጀንን ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በሞጣና በብቸና በኩል ለክቶ የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ ሰፈሩን ጻፉልን፣ እኔም በቅርቡ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ስለምሄድ ይጠቅመኛል።