«ሂጅራ» ስደት ከሆነ፣ ወደ ቤት መመለስስ?

የከዚራ ጥላ፦
ስለ አንድ ያልተዘመረለት አልበም እና ስለ ርእሱ ልጠይቃችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስሄድ፣ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ፣ በጆሮ ማዳመጫ የጆኒ ሚቼልን «ሄጂራ» እሰማ ነበር። ካናዳዊት ናት፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ትደርሳለች። አልበሙ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኖቬምበር 1976 ነው፤ በእኛ ኅዳር 1969፣ በእስልምናው የሂጅራ አቆጣጠር ደግሞ 1396 መሆኑ ነው። ሰው ስሟን ሲያነሳ በፈረንጆቹ 1971 እና 1974 ያወጣቻቸውን አልበሞች ይጠራል፤ እዚህኛው ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ምክንያቱም አይጠፋኝም። አብረው የሚዘፍኑት አዝማች ብዙ የለውም፤ ከዘፈኖቹ አንዱ ከስምንት ደቂቃ በላይ ይጓዛል፤ ለመንገደኛ እንጂ ለችኩል አይሆንም።

ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ምን ትሰሚያለሽ ልጄ?» አሉኝ። «ሂጅራ የሚባል ነው» ስላቸው ፊታቸው በራ፤ «ነሺዳ ነው?» አሉኝ። የፈረንጅ ዘፈን መሆኑን ነግሬ አንዱን ማዳመጫ ሰጠኋቸው። ጥቂት ሰሙና «ወዴት ስትሄድ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከሜይን ግዛት ተነስታ፣ ብቻዋን መኪና እየነዳች፣ አሜሪካን አቋርጣ ወደ ካሊፎርኒያ ስትመለስ ከግጥሞቹ ብዙዎቹን እንደ ጻፈች ነገርኳቸው። «ወደ ቤት ከሆነማ ሂጅራ አይደለም» ብለው ማዳመጫዬን መለሱልኝ። አወዳይ ላይ ወረዱ፤ እኔ ከቃሉ ጋር ቀረሁ። ርእሱን በአማርኛ ምን እንበለው? «ስደት» አልዋጥልኝ ብሏል።

ሸዋ በር፦
ስደት በቂ ነው። ነቢዩ በ622 ከመካ ወደ መዲና ያደረጉትን ሒጅራ ስደት እንለዋለን። ከዚያ ሰባት ዓመት አስቀድሞ ተከታዮቻቸው ወደ ሐበሻ የመጡበትንም እንዲሁ። ሌላ ምን ፍለጋ ነው?

የከዚራ ጥላ፦
ለእነርሱማ ልክ ነው፤ አሳዳጅ ነበራቸው። «ተሰደደ» ባልን ቁጥር ከበስተጀርባ የሰደደ አለ። ይህችን ሴት ማን ሰደዳት? በክብር መሸሽን የሚናገር ቃል ስትፈልግ ከመዝገበ ቃላት ላይ እንዳገኘችው ተናግራለች። ክብር ያለው ሽሽት አማርኛ ውስጥ የት አለ? «ኮበለለች» እንዳልል ነውር አለበት፤ የኮበለለች ልጅ ወሬዋ ቀድሟት ይደርሳል። «መነነች» ክብሩስ አለው፤ ነገር ግን ዋሻና ቋርፍ ይከተሉታል። ይህች ሴት ደግሞ የምታድረው ሞቴል ነው።

ደቻቱ ማዶ፦
ዘጠኝ ዘፈን ያለበትን ነገር «ያልተዘመረለት» አልሽው! ቃል በቃል ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ነው፤ «ሰው ልብ ያላለው» ብትዪ ምን ይጎድልብሻል? ለማንኛውም እኔን የያዘኝ ቤዝ ጊታሩ ነው። ጃኮ ፓስቶሪየስ በአራቱ ዘፈኖች ላይ ይጫወታል፤ የቤዙ አንገት ላይ ድምፅ የሚከፍሉት ብረቶች የሉም፤ ጣቱ እንደ ማሲንቆ መቺ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይንሸራተታል። ሁለተኛ ዘፋኝ ነው የሚመስለው።

ፈላና በር፦
እናትየዋም ልክ ናቸው፤ አንቺም ልክ ነሽ፣ ልጄ። በዐረብኛ «ሀጀረ» መጀመሪያ ነገሩ ተለየ፣ ተወ፣ ቆረጠ ነው። ሰው ሰውን አኩርፎ ቃል ሲነፍገውም ይኸው ሥር ይሠራል። አገር መልቀቅ ከዚህ የሚወጣ ትርጉም ነው። እንግዲህ የተወችው ሰው ካለ፣ ወደ ቤቷ እየነዳችም ሂጅራ ላይ ልትሆን ትችላለች። ርእሱን የያዘውን ዘፈን ደግመሽ ስሚው፤ ራሷን የምታየው ፍቅርን ከሚያቆስሉ ጥቃቅን ጦርነቶች እንደ ከዳ ወታደር ነው። የተለቀቀው አገር አይደለም።

ሸዋ በር፣ አንተ በሐመሩ ሐ ጽፈኸዋል፤ የዐረብኛው ፊደል ሀሌታው ሀ ነው። በሀሌታው ስትጽፈው ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይታይሃል። የዐረብኛ ጂም በግእዝ ገ ሆኖ ይገኛል፤ «ጀመል» የሚሉት የእኛ ግመል ነው። ሀ፣ ጀ፣ ረን በዚህ መንገድ ብትመልሳቸው «ሀገር» ይወጣሃል። ሀገር በግእዝ ከተማም ነው፤ በጥንታዊው የደቡብ ዐረቢያ ጽሑፍም በእነዚሁ ሦስት ፊደላት የተጻፈው ቃል ከተማ ማለት ነው። የፊደል መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ አይሆንም፤ አልምልበትም። ግን የሚኖሩበትና የሚለቁበት በአንድ ፊደል መጻፋቸው ደስ ይለኛል። እኛ በጌይ ሲናን፣ በሐረሪ ቋንቋ፣ ሐረርን «ጌይ» እንላታለን፤ ከተማ ማለት ነው፤ ሌላ መለያ አላስፈለጋትም።

ደቻቱ ማዶ፦
ጋሼ፣ ይህን ለብቻው ልናወጣው ይገባል። አንድ ሌላ ልጨምር። «አሜሊያ» የሚለው ዘፈን በፈረንጆቹ 1937 ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ለጠፋችው አብራሪ ለአሜሊያ ኤርሃርት የተነገረ ነው። በዚያው ጉዞዋ ምጽዋና አሰብ አርፋ ነበር፤ ለጎረቤትነቱ ብዬ ነው። የየአንጓው መዝጊያ የማንቂያ ደወሉ በከንቱ እንደጮኸ ይናገራል። ይህን በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?

ሸዋ በር፦
«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ»።

የከዚራ ጥላ፦
እሱ የዘገየ ጩኸት ነው፤ ጅቡ መጥቶ በልቶ ሄዷል። እዚህ ጅቡ ከነጭራሹ አልመጣም።

ፈላና በር፦
ሐረር ላይ ደግሞ «ጅብ መጣ» ቢባል ማን ይደነግጣል? ሥጋ ይዞ የሚወጣው ይበዛል።

ደቻቱ ማዶ፦
ከ1998 ዓ.ም. የድሬዳዋ ጎርፍ ወዲህ እኛ ሰፈር ደንገጎ ላይ ከደመነ እንቅልፍ አልነበረም። አንድ ሌሊት «ውኃ መጣ!» ተብሎ ፍራሽ ተሸክመን፣ አያቴን በወንበር አድርገን ዳገት ወጣን። ሲነጋ የወንዙ አሸዋ እንደ ደረቀ ነው። እናቴ ፍራሹን እያራገፈች «ባዶ ሩጫ» አለች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ድንጋጤ ሁሉ ስሙ ይኸው ነው። ትናንት ማታ በዜማው ሞከርኩት፤ «አሜሊያ፣ ባዶ ሩጫ ነው» ሲባል ይገጥማል።

የከዚራ ጥላ፦
ወሰድኩት። ለርእሱ ግን ከጋሼ ማብራሪያ በኋላ «ትቶ መሄድ» እና «ቆርጦ መሄድ» መካከል ቆሜአለሁ። ሁለተኛው ውሳኔም አለበት፣ መቀስም አለበት። ቅዳሜ እንደገና ሐረር እወጣለሁ፤ እናትየዋ ከተገኙ አንዱን ማዳመጫ እሰጣቸዋለሁ።