«ሥራ ሞልቷል፣ የሚሠራ ሰው ነው የጠፋው» ተባልን

የአጂፕ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ጅማ የወጣቶች ሥልጠና ተብሎ አዳራሽ አጉረውን ምን እንዳሉን ልንገራችሁ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ላፕቶፓቸውን ከፈቱና የሚሺጋንን፣ የአሜሪካዋን ስቴት፣ የሥራ አጥ ግራፍ አሳዩን። «በፈረንጅ 2009 ሥራ አጡ ከ14 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2015 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ለምን? ሕዝቡ ሥራ አይንቅማ! እናንተ ጋ ግን ሥራ ሞልቷል፣ የሚሠራ ሰው ነው የጠፋው» አሉን። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ የሰው ባጃጅ የሚነዳ ነው። የናቅነው የቱን ሥራ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሰመሮ፦ ምኑ ነው የሚያናድደው? እውነታቸውን ነው። እኔ አጥር ላሠራ ብዬ ግንበኛ ፍለጋ ያልዞርኩበት ሰፈር የለም። ሁሉም ወንበርና ጠረጴዛ ነው የሚፈልገው።

ባለባጃጁ፦ ግንበኛውን በቀን ስንት ልትከፍለው ነበር?

ሰመሮ፦ የገበያውን።

ባለባጃጁ፦ ስንት ነው እሱ?

ሰመሮ፦ የገበያውን አልኩህ እኮ። ከርዕሱ አትውጣ።

ፍሬወይኒ ከሚሺጋን፦ ያደግኩት ፈረንጅ አራዳ ነው፣ አሁን ያለሁት ዲትሮይት አጠገብ። ያኔም እዚሁ ነበርኩ። 14ቱም እውነት ነው፣ 5ቱም እውነት ነው፤ መሃሉን ነው የዘለሉላችሁ። ሚሺጋን ከ2000 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ከ800 ሺህ በላይ ሥራ አጥታለች። ማለትም የ2008ቱ ትልቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ሲመጣ እሷ ቀድማ ወድቃ ነበር። በ2010 ቆጠራ ከሃምሳዎቹ ስቴቶች ሕዝቧ የቀነሰው የእሷ ብቻ ነው። ሰዉ ቤቱን ጥሎ ጠቅልሎ ሄደ። ያልሄደውም ፍለጋው ሲሰለቸው ቁጭ አለ፤ እዚህ ደግሞ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ካልፈለግክ ሥራ አጥ ተብለህ አትቆጠርም። የሄደውም የተቀመጠውም ከመቶኛው ሲወጣ ቁጥሩ ቢወርድ ምን ይገርማል?

መምህር ከቆጪ፦ አሁን ገና ወደ ቁም ነገሩ መጣን። በዚህ ስሌት ከሆነ የእኛም ከተማ በየዓመቱ «እየተሻሻለች» ነው። ያስተማርኳቸውን ልጆች ብትጠሩልኝ ገሚሱ አዲስ አበባ ነው፣ ገሚሱ ጅዳና ቤሩት ነው፣ የቀረው ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ካቆመ ቆየ። ግራፍ ቢሠራልን ቁልቁል ነው የምንወርደው፣ በኩራት!

ሰመሮ፦ ቆይ፣ መኪና አምራቾቹ ጂኤምና ክራይስለር አልተነሱም ልትሉኝ ነው? ሁለቱም በ2009 ኪሳራ አውጀው ነበር፣ ከዚያ ተነስተው ሠራተኛ ቀጠሩ። ይሄም ስደት ነው?

ፍሬወይኒ ከሚሺጋን፦ ተነስተዋል፣ ማን ካደ? ግን መንግሥት ለመኪናው ኢንዱስትሪ 80 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ ነው ያነሳቸው። አዲስ የሚገባው ልጅ ደግሞ ነባሩ በሰዓት 28 ዶላር ገደማ በሚያገኝበት መስመር ላይ 14 ዶላር ገደማ ነበር የሚቆረጥለት። ጎን ለጎን ቆመው፣ አንድ ዓይነት ብሎን እያጠበቁ፣ በግማሽ ደመወዝ! ሥራ አጡም ቢሆን ባዶ እጁን አልቀረም። በክፉው ሰዓት የፌዴራሉ ሲጨመርበት እስከ 99 ሳምንት ድጎማ ነበረው። ኋላ ላይ ነው ስቴቱ የራሱን ከ26 ወደ 20 ሳምንት የቆረጠው።

ባለባጃጁ፦ 99 ሳምንት! እኛ ጋ 99 ሳምንት ሙሉ የሚሰጥህ ምክር ነው። ሰመሮ፣ ቁጥሩን እየጠበቅን ነው።

ሰመሮ፦ ዶላር እየቆጠሩ ለጅማ ማዘን ቀላል ነው። እህቴ ከተቆረቆርሽ ነይና ፋብሪካ ክፈቺ።

ፍሬወይኒ ከሚሺጋን፦ የቆጠርኩት ዶላር የማን ቤት ኪራይ እንደሚከፍል እዚያው ሰፈር ጠይቅ። የማውቀውን ስናገር ስድብ ከሆነብህ ችግሩ የአንተ ነው።

መምህር ከቆጪ፦ አትጣሉ። ሰመሮ፣ አንድ ነገር መልስልኝ። አሠልጣኙ ምሳሌ ካማራቸው ሌላዋን ስቴት፣ ኖርዝ ዳኮታን፣ ለምን አላመጡም? በዚያው በ2009 ሥራ አጡ 4 በመቶ አካባቢ ነበር። ሕዝቡ ከሚሺጋኑ ይልቅ ታታሪ ስለሆነ ነው? አይደለም፤ እርሻውም ነበር፣ ከመሬቱ ሥርም ነዳጅ እየተቀዳ ነበር። ሀብት ሥራ ይፈጥራል፤ ስብከት ግን አይፈጥርም።

ሰመሮ፦ እኛስ ቡና የለንም? ሀብት ከተባለ!

የሂርማታዋ፦ ስለ ቡና ከሆነ እኔን ጠይቁኝ ልጆቼ። በእኛ አቆጣጠር በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች ሲባል ሰምታችኋል። ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ለቀማ ሲደርስ ሰው ይጠፋል፣ እሱ እውነት ነው፤ ቀይ ቡናው ዛፍ ላይ እያለ ጠቁሮ ሲደርቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ጥር ሲገባ ያው ለቃሚ ደጄ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ የሚበጠር፣ የሚለቀም አለ?» ይለኛል። የለኝም። የጥቂት ወር ሥራ ይዞ ዓመቱን ሙሉ «ሞልቷል» ማለት ወላሂ ግፍ ነው።

ሰመሮ፦ እትዬ፣ እርስዎም «ሰው ይጠፋል» አሉ! ያልኩትን ነው ያሉት።

የሂርማታዋ፦ ግማሹን ቆርጠህ አትውሰድብኝ አንተ ልጅ።

የአጂፕ ልጅ፦ ፓርኩንስ ረሳችሁት? በእኛ 2011 የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ የስንቱ ሲቪ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፎ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጦርነቱ መጣ። አሜሪካ አጎዋን፣ ዕቃችን ያለ ቀረጥ ገበያዋ የሚገባበትን ዕድል፣ ልታቆም ነው በተባለ በሳምንታት ውስጥ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ሀዋሳ ያለውን ፋብሪካ ዘጋ። በታኅሣሥ 2014 አጎዋውም ለይቶለት ተቆረጠ። የሀዋሳዎቹ ልጆች ሥራ ንቀው ነው ወይ ቤታቸው የገቡት? ያ ሁሉ በር በላያችን ላይ እየተዘጋ ቆይቶ ጥፋተኛው ሲቪ ያስገባው ልጅ ሆኖ አረፈው!

ሰመሮ፦ ጦርነቱንና አጎዋን እኔ አላመጣሁም። ግን አንድ ሰው መኪና ቢያጥብ፣ ሊስትሮ ቢሠራ ይሞታል?

ባለባጃጁ፦ አይሞትም። ዲግሪዬን ይዤ እየነዳሁ ነው፣ አልሞትኩም። ከተንሳፈፈው ምንዛሪ በኋላ ግን ጎማና መለዋወጫው ዋጋው ሌላ ሆነ፣ ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ ካስገባሁ በኋላ የሚተርፈኝ የምሳ ነው። በመቶኛው ውስጥ እኔ «ሥራ ያለው» ነኝ። እንኳን ደስ ያለኝ።

መምህር ከቆጪ፦ ለዚህ ነው «የገበያው» የምትለዋ ነገር የማታልቀው። ለግል ተቀጣሪ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ወለሉን እስካሁን ያየው ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሰመሮ፦ ወለል ቢወጣ ቀጣሪው ይሸሻል።

መምህር ከቆጪ፦ ወለል ሳይኖርስ መቼ ቆመልን?

አስተዳዳሪ፦ ስድብና ዘር የሚያነሳ ካለ እዘጋዋለሁ። የሥልጠናው አበል ስንት ነበር ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝም ተዉኝ፣ እኔ አላዘጋጀሁትም።

ከመንደራ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክርክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ግንበኛ ነኝ፣ አሁን ሥራ አልያዝኩም። ጋሽ ሰመሮ፣ አጥሩ አልታጠረም?

ሰመሮ፦ በውስጥ መስመር ግባ።

ባለባጃጁ፦ ኧረ እዚሁ ጻፍለት! አንተ ነህ እኮ ሰው ጠፋ ያልከው፣ ይኸው መጣ።

ከመንደራ፦ ገብቻለሁ። ዋጋውን ሲነግረኝ አጥር ነው ወይስ የዶሮ ቤት ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ አልመለሰልኝም።

ሰመሮ፦ የግል ንግግር ማውጣት ነውር ነው። አስተዳዳሪ የለም እዚህ ቤት?