«ኪችን ዘግቷል» የተባለው ሰውዬ ነገር

የቢቸናዋ፦
ትናንት አንዱ የለጠፈውን አይታችኋል መቼም። ላላያችሁ ባጭሩ፣ ሰውየው ከአዲስ አበባ ሲመጣ መሽቶበት ደብረ ማርቆስ አንድ ምግብ ቤት ገባ፣ በሩ ላይ «እስከ 4 ሰዓት» ይላል፣ እሱ የገባው 3 ከ45 ነው፣ ጥብስ አዘዘ፣ ልጅቷ «ኪችን ዘግቷል» አለችው። በቃ ይቺን ይዞ «ጎጃም የመሸበትን መንገደኛ የሚመልስ ሀገር ሆነ፣ አባቶቻችን የእግዜር እንግዳ ብለው እግር አጥበው ያሳድሩ ነበር» ብሎ ሙሾ አወረደ። ከስሩ ደግሞ ስንቱ «ባህላችን ጠፋ» እያለ ያለቅሳል፣ ልጅቷን አሳዳጊ የበደላት ያላትም አለ።

እኔ ባህርዳር ሁለት አመት ከምናምን አስተናግጃለሁ፣ ቀን ኮሌጅ ማታ ትሪ። 3 ከ45 ላይ ወጥ ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የጥብሱ ብረት ድስት ታጥቦ ተደፍቷል። ከሰሉ ውሃ ተረጭቶበት ደህና ደህናው ለነገ ተለቅሟል። የተረፈው እንጀራ ተቆጥሮ ለጠዋት ፍርፍር ተሸፍኗል። ወለሉ ታጥቦ ገና እርጥብ ነው፣ ጫማ አውልቀን ነው የምንሻገረው። ወጥ ሰሪዋ ሽርጧን ሰቅላ ነጠላዋን አጣፍታ ፌስታሏን ይዛ ቆማለች። ካሸሯ ዜድ ሪፖርት አውጥታ የቀኑን ሂሳብ ማሽኑ ላይ ዘግታለች። ይሄኔ ጌታው ይገባል፣ «አንድ ጥብስ፣ ለብ ለብ ያለ እንዳይሆን፣ ደረቅ ይሁን»።

ባለ አይሱዙ፦
እህቴ ድካማችሁ ይገባኛል ግን አንድ ነገር ሳትይ አለፍሽ፣ በሩ ላይ 4 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። 4 ማለት 4 ነው። ኪችን 3 ተኩል የሚዘጋ ከሆነ 3 ተኩል ብለው ይጻፉ። አባይ በረሃን መቼም ታውቂዋለሽ፣ ከጎሐ ጽዮን ወርደሽ ደጀን እስክትወጪ አንድ ተሳቢ መታጠፊያው ላይ ተበላሽቶ ከቆመ ሁለት ሰዓት እዛው ነሽ፣ ወደን አይደለም የምናመሸው። ከጠዋት ጀምሮ ዳቦ የበላ ሰው ለብ ያለ ነገር ቢመኘው ሀጢያት ነው?

የቢቸናዋ፦
4 ሰዓት የሚዘጋው በሩ ነው ወይስ እሳቱ? ባንክ 10 ሰዓት ይዘጋል ብሎ 9 ከ58 ላይ ገብቶ አዲስ ደብተር ላውጣ የሚል አለ?

ዳሞት፦
አለ 😂 አጎቴ

ባለሆቴሉ (ፍኖተ ሰላም)፦
የዚህ ቤት ሰው ሁሉ አስተናጋጅ ነበርኩ ይላል፣ አንድ ቀን ባለቤት የሆነ ሰው እንኳ ይናገር። እኔ ትንሽ ቤት አለኝ። ደንበኛ ከበር አልመልስም፣ መልሼም አላውቅ። አንዱን ከመለስከው ነገ እሱም ጓደኛውም ማዶ ያለው ቤት ነው የሚገቡት። ኪራዩ አይመሽበትም፣ ዘይቱ በየሳምንቱ ይጨምራል፣ እና በ15 ደቂቃ ልዩነት ሰው ልመልስ? ልጆቼን «ሰው እስካለ ሰዓት የለም» ነው የምላቸው። የእግዜር እንግዳ ያለው ሰውዬ ልክ ነው፣ ይሄ የኛ ሀገር ወግ ነው።

የጣና ዳር፦
«ሰው እስካለ ሰዓት የለም» 👏 ይሄን ደሞዝ ሲከፍሉም ይበሉት።

አንቀጽ፦
ባለሆቴሉ እስቲ ይቺን ይመልሱልኝ። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሰረት መደበኛ የስራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዛ ካለፈ ትርፍ ሰዓት ነው፣ እሱም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በ1.5 ተባዝቶ፣ ከ4 ሰዓት በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ያውም በቀን ከ4 ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። እንግዲህ አስቡት፣ ሕጉ ራሱ ለሌሊት ክፍያ መስመሩን ያሰመረው ያቺ የናንተ 4 ሰዓት ላይ ነው። የ3 ከ45ቱ ጥብስ ተበልቶ የሚያልቀው ከመስመሩ ወዲያ ነው። ይከፍላሉ?

ባለሆቴሉ (ፍኖተ ሰላም)፦
ወንድሜ በአዋጅ ጥብስ አይጠበስም። እኔ ቤት የሚሰሩት ልጆች ቁርስ ምሳ ራታቸውን እኔው ጋ ነው፣ ሁለቱ ማደሪያም አላቸው።

አንቀጽ፦
«አልከፍልም» ለማለት ረጅም መንገድ ሄዱ።

ባለሆቴሉ (ፍኖተ ሰላም)፦
አንተ መጀመሪያ አንድ ሰው ቅጠር፣ ከዛ እንነጋገራለን።

ዳሞት፦
እኔን የገረመኝ «የእግዜር እንግዳ» የምትለዋ ነገር ናት። የእግዜር እንግዳ እኮ «ቤቶች፣ የመሸበት መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ በር ላይ ቆሞ የሚለምን ሰው ነው። «ቤት የእግዜር ነው» ይባላል፣ ይገባል፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይበላል። የትኛው የእግዜር እንግዳ ነው ጥብሱ ደረቅ ይሁን የሚለው? የትኛው የእግዜር እንግዳ ነው ሜኑ የሚያገላብጥ?

የጣና ዳር፦
ዋይፋይ ፓስወርድ የጠየቀስ 😂

ባለ አይሱዙ፦
ቀልዱ ይቅርና። የእግዜር እንግዳ በነጻ ነው የሚበላው፣ እኔ ግን ከፍዬ ነው። በነጻ የሚበላው ካልተመለሰ የሚከፍለው እንዴት ይመለሳል? እስቲ ይሄን ፍቱልኝ።

ዳሞት፦
ቀላል ነው። የከፈልከው ለጥብሱ ነው። ለልጅቷ ሌሊት አልከፈልክም።

ባለ አይሱዙ፦
ጉርሻ እሰጣለሁ እኮ። ማንንም ሾፌር ጠይቁ፣ ከኛ የተሻለ ቲፕ የሚሰጥ የለም።

የቢቸናዋ፦
ሾፌሮች ቲፕ ላይ አትታሙም፣ እውነቱን ልናገር፣ ከኮት ለባሹ እናንተ ትሻላላችሁ። ግን የቤቱ ሰራተኛ የምታድረው ከዋናው መንገድ ወዲያ ውስጥ ገብታ ነው። 4 ሰዓት ላይ ብትወጣ ከጓደኞቿ ጋር ተያይዛ ትገባለች። 5 ሰዓት ላይ ስትወጣ ብቻዋን ናት፣ ባጃጅ ካገኘች እንኳ በኮንትራት ካልሆነ አይንቀሳቀስም። ያንተ ቲፕ ለባጃጁ ነው የሚሄደው። አንዴ የሆነ ሰውዬ 50 ብር ሰጥቶኝ ባጃጁ 80 አለኝ። በሰውየው ልበሳጭ በባጃጁ ሳላውቅ በእግሬ ገባሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። ያደግሁት ቋሪት ገጠሩ ውስጥ ነው። እንግዳ የሚመጣው ሁሌም ከመሸ ነው፣ ቀን ማንም እንግዳ አይሆንም። አባቴ ውሻውን ይይዝና «ግቡ፣ ቤት የእግዜር ነው» ይላል። እኛም ልጆቹ ደስ ይለናል፣ እንግዳ ወሬ ይዞ ይመጣል። ይህ ወግ ትልቅ ወግ ነው፣ ልጅቷ እንኳ ባትችል በደግ ቃል መመለስ ነበረባት እላለሁ።

የቢቸናዋ፦
መምህር እግዜር ያክብርዎ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባትዎ «ግቡ» ሲሉ እሳቱን ማን ነበር የሚጭረው?

ጡረተኛው መምህር፦
እናቴ ናታ።

የቢቸናዋ፦
ተኝታ ነበር?

ጡረተኛው መምህር፦
አዎ። አንዳንዴ ሊጥ አቡክታ ገና ጋደም እንዳለች ነው። እንጀራ ካነሰም ጎረቤት ሄዳ ትበደራለች።

የቢቸናዋ፦
እኔ ሌላ የምለው የለኝም መምህር። «አባቶቻችን ያሳድሩ ነበር» ነው ያለው ሰውየው። አባቶቻችን «ግቡ» ነው ያሉት። የተነሱት እናቶቻችን ናቸው።

ማንኩሳ፦
ይሄው መጣች! አሁን ደግሞ ወደ ሴትና ወንድ ቀየረችው። ስለ ጥብስ እያወራን እኮ ነበር። እናቴ እንግዳ ስታስተናግድ በደስታ ነው፣ ማንም አላስገደዳትም፣ እናቴን በአስተናጋጅ አትመስይብኝ።

የጣና ዳር፦
አስተናጋጅ መሆን ስድብ ነው እንዴ ማንኩሳ?

ማንኩሳ፦
ስድብ ነው አላልኩም።

የጣና ዳር፦
«አትመስይብኝ» ነው ያልከው። ከፍ ብለህ አንብበው።

ማንኩሳ፦
እናቴን ከዚህ አውጧት ነው የምለው፣ አለቀ።

ዳሞት፦
እሷን ያስገባት ማነው? «እናቴ በደስታ ነው» ያልከው አንተ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች ተዉ። እኔ ግን ስለ እናቴ ካሰብሁ ቆይቶ ነበር።

ባለ አይሱዙ፦
እሺ መፍትሄ እንናገር፣ ሁሉም ሰው መናገር ብቻ ሆነ። እኔ ዘግይቼ ስደርስ «ጥብስ» አልልም። በር ላይ ቆሜ «የደረሰ ነገር አለ?» ነው የምለው። አለ ካሉኝ እገባለሁ፣ ሽሮም ይሁን ቀይ ወጥም ይሁን ያለውን በልቼ ሂሳቡን ምግቡ ሲመጣ እከፍላለሁ፣ ካሸሯ እኔን አትጠብቅም። የለም ካሉኝ ዳቦዬን ገዝቼ ጋቢናዬ ውስጥ እገባለሁ። ሰውየውን የምከሰው ይሄን ባለማድረጉ ነው፣ ቤቱን የምከሰው ደግሞ 4 ብሎ በመጻፉ።

የጣና ዳር፦
ይሄ ጥሩ ሰው ነው፣ ማነው ያሳደገው።

አንቀጽ፦
ሽሮም እኮ ድስት ያቆሽሻል። ተጋቢኖ ያሳረረ ድስት አጥባችሁ ታውቃላችሁ?

ባለ አይሱዙ፦
ወይ ጣጣ፣ እንግዲህ ላልብላ?

ማንኩሳ፦
እና ደግሞ ሰውየው ሐሙስ ማታ ነበር ብሏል። ሐሙስ ማታ ጥብስ ካልበላ ዓርብ ጾም ነው፣ እስከ ቅዳሜ ሊጠብቅ ነው? ያ ለምን አይታሰብም?

ዳሞት፦
ባይሆን ይሄ ለልጅቷ ነው የሚፈረደው። ጥብሱ 4 ሰዓት ተኩል ቢቀርብለት፣ በቢራ እያጀበ ቢጫወት፣ ሌሊቱ ይጋመስና ጾሙ አፉ ላይ ነው የሚገባው። ከሀጢያት አዳነችው።

ማንኩሳ፦
ጾም የሚገባው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፣ ጥብስ ለመብላት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ዳሞት፦
እኛ ጋ ዋዜማው ከመሸ ሌላ ቀን ነው የሚባለው። አያቴ ሐሙስ ጀንበር ከገባች ወተት አትቀምስም።

ማንኩሳ፦
አያትህ ሌላ ናት፣ እሷ የቆረበች ናት። ሁሉም ሰው በአያትህ አይለካም።

ዳሞት፦
አሁን አያቴን ምን አገባህ? ቅድም እናቴን አትንኩ ስትል አልነበር?

የጣና ዳር፦
ማርቆስ ድሮም ማታ ምግብ የለም፣ ባህርዳር ቢመጣ አሳ ይበላ ነበር።

ባለሆቴሉ (ፍኖተ ሰላም)፦
ባህርዳር ከማርቆስ ስንት ኪሎ ሜትር መሰለህ በዛ ሰዓት? 260 አካባቢ ነው። አሳህ ድረስ እየራበው ይንዳ? መሀል ላይ እኔ አለሁ፣ ለዛውም አልመልስም።

የጣና ዳር፦
እርስዎ ጋማ ሲደርስ ልጆቹ በቁማቸው እንቅልፍ እየወሰዳቸው ነው።

መንገደኛው፦
ሰላም፣ የተባልኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ እየተሰደብኩ ነው። የጻፍኩት ልጅቷን ለመስደብ አይደለም፣ በሀገሬ አዝኜ ነው። ዋይፋይ አልጠየቅኩም። ቢራም አልጠጣም። የከፋኝ «የለም» አባባሏ ነው፣ ቀና እንኳን አላለችም፣ ወንበር እየገለበጠች ጠረጴዛ ላይ እየሰቀለች ነበር። ጾሜን ውዬ ነው ያደርኩት ማለት ይቻላል፣ ሻይ በዳቦ ብቻ።

የቢቸናዋ፦
ቆይ። ሻይ በዳቦ የት በላህ?

መንገደኛው፦
እዛው ነው፣ ሌላ የት ይገኛል በዛ ሰዓት።

የቢቸናዋ፦
እዛው?! ይሄን ትናንት አልጻፍክማ።

መንገደኛው፦
ሻይ ምግብ ነው እንዴ? የጠየቅኩት ጥብስ ነው።

ዳሞት፦
😂😂😂 ጎጃም መንገደኛ መለሰች ብሎ ያስለቀሰን ሰውዬ

የቢቸናዋ፦
ሻዩን ማን አፈላው?

መንገደኛው፦
እሷው መሰለችኝ። አንዱን ወንበር መልሳ አወረደችልኝ፣ ቁጭ አልኩ። ዳቦው ደግሞ የነሱ ራት ይመስለኛል፣ ሂሳብ አልተቀበለችኝም፣ ማሽኑ ተዘግቷል አለች።

ጡረተኛው መምህር፦
እንግዲህ እግር ማጠብ ብቻ ነው የቀረው ልጄ።

ባለ አይሱዙ፦
ቆዩ ቆዩ፣ ከሰሉ ጠፍቶ ከነበረ ሻዩ በምን ፈላ?

መንገደኛው፦
በቡታጋዝ።

ባለ አይሱዙ፦
ቡታጋዝ ካለማ ጥብሱን ለምን አልሰሩለትም ታዲያ?

የቢቸናዋ፦
ወይኔ አምላኬ። የጥብሱ ድስት ታጥቧል እኮ አልኩህ!

ባለ አይሱዙ፦
ድስት እኮ ለመታጠብ ነው የተሰራው። እና ደግሞ በሩ ላይ 4 ይላል።